ፈጣን አውቶሞቢል መግዛትና ጠብቆ ማኖር

ለሰው ኑሮ የሚያገለግል ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ለሻጩ በአንድ ቀን ተቈጥሮ የሚሰጠው ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው በባለቤቱ እጅ እስካለ ድረስ በየወሩና በየዓመቱ የሚጠየቀው ነው። በቀድሞው ዘመን በቅሎ ለመግዛት ያሰበ ሰው የበቅሎዋን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገብሷን፥ ሣሯን፥ ኮርቻዋንና የሚጠብቃትን አሽከር ጭምር አስቦ ነበር ወደ ገበያ የሚወጣው። በዛሬው ዘመን ግን የብዙ መንጋ ዋጋ አውጥቶ ፈጣን አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን ዋጋ ሳያስበው ሲቀር ይታያል። ከዚህም የተነሣ የሚደርሰው ኪሣራ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአገር የውጭ ምንዛሬ ይባክናል፥ የመንገደኛውም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩን በጥሞና መመርመር የተገባ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው፥ ስሙንም ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘው መካኒሳ አቦ ለዚህ ምርመራ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ጀርመን አደባባይ የሚባል ስፍራ አለ። የጀርመን ስም ግን በአደባባዩ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ከሚመላለሰው የቪትዝና የኮሮላ ብዛት መካከል አልፎ አልፎ መርሴዲስ፥ ቢ.ኤም.ደብሊው.፥ አውዲ፥ ከስንት አንድ ጊዜም ፖርሽ ብቅ ይላል። ሲያልፍ የሚያየው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ይመለከተዋል። በሌላው ወገን ደግሞ በከተማው ባሉት በቆርቆሮ አጥር በተከለሉ ጋራዦች ውስጥ እንዲህ ያለው መኪና አቧራ ለብሶ፥ ጎማው ተንፍሶ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ ዕቃ ሲጠብቅ ወራት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ያው አንድ ዐይነት መኪና በአንዱ እጅ ሲሮጥ በሌላው እጅ ቆሞ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ በገንዘብ ብዛት ብቻ የሚገኝ አይደለም።

የጀርመን አውቶሞቢል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ፍሪድሪክ ሮዘን የተባለው የጀርመን መልእክተኛ ወደ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ መጥቶ የሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመው በ1897 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላም በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ባደረሰበት ወራት፥ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ናኬ የተባለውን የጀርመን ሥሪት ይዞ ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። በዚያን ጊዜ ግን ጥርጊያ መንገድ እንደሚፈለገው አልነበረም፤ መካኒክም፥ የቤንዚን ማደያም፥ የመለዋወጫ ሱቅም አልነበረም። ዕቃው ከዕውቀቱ ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ቢያልፍም ይኸው ዕቃን አስቀድሞ ዕውቀትን የማስከተል ልማድ ገና አልተወገደም።

የጋራዥ ሥራ በሰፊው የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ በቀሩት ጣሊያኖች እጅ እንደ ሆነ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ኩሽኔታ፥ ቦኮላ፥ ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን፥ ማርሚታ የሚባሉት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ኢትዮጵያዊው ልጅ ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ መፍቻ እያቀበለ፥ በዐይኑ እያየ በጆሮውም እየሰማ ተማረ፤ ተምሮም ለሌላው አስተማረ። ይህ ትምህርት የሚናቅ አይደለም። ድምፁን ሰምቶ የታመመውን ኩሽኔታ የሚለይ፥ ጭሱን አይቶ ዘይት የሚበላውን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ በአገሩ ብዙ ነው። አሮጌው ቶዮታ ሠላሳና አርባ ዓመት እየሮጠ የሚኖረው በእነርሱ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ የዛሬው የጀርመን ፈጣን መኪና ሕመሙን በድምፅና በጭስ ብቻ አይናገርም።

እነዚህ መኪናዎች ለምን እንደ ተሠሩ ማወቅ ይገባል። ዛሬ የመርሴዲስ ፈጣን ወገን የሆነው ኤ.ኤም.ጂ. የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 በሁለት መሐንዲሶች ነው፤ ቢ.ኤም.ደብሊው. ኤም በሚለው ፊደል የሚታወቀውን የእሽቅድምድም ክፍሉን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ፖርሽ በስሙ የሚጠራውን የመጀመሪያ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፤ በጀርመን አገር አውራ ጎዳና ላይ፥ ከፊሉ እስከ ዛሬ የፍጥነት ወሰን ባልተቈረጠለት መንገድ፥ ያለ ሥጋት የሚበርር መኪና መሥራት ነው። መሐንዲሱም ሲሠራው አምስት ነገሮች እንዳሉለት አድርጎ ነው፤ እነርሱም ወፍራም አየር፥ የተጣራ ነዳጅ፥ የለሰለሰ መንገድ፥ የተማረ ባለሙያና በማግሥቱ የሚደርስ መለዋወጫ ናቸው። መካኒሳ አቦ ላይ እነዚህ አምስቱ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚገኙ መመልከት ነገሩን ይገልጠዋል።

መጀመሪያው አየር ነው። መርሴዲስና ፖርሽ የሚሠሩበት ሽቱትጋርት ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 250 ሜትር ገደማ፥ ቢ.ኤም.ደብሊው. የሚሠራበት ሙኒክ 520 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ የምትደርስ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነውና፥ ቱርቦ የሌለው 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ከ240 ብዙ የማይበልጥ ይቀርለታል። ገዢው በገንዘቡ የገዛው ቀሪው 60 ፈረስ በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን ለመሙላት ይችላል፤ ነገር ግን የሚሞላው ቱርቦው ከልክ በላይ እየተሽከረከረና እየጋለ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ አንዳንድ ፋብሪካዎች ዘይቱ እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት ሊቆይ ይችላል ቢሉም፥ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አቧራ ለበዛበትና መቆም መነሣት ለሚበዛበት አገር ጊዜው እንዲያጥር ያዝዛሉ። ከመካኒሳ እስከ ሜክሲኮ በሠርክ መጨናነቅ ቆሞ የሚነድደው ዘይት በኪሎ ሜትር መቍጠሪያው ላይ አይታይም፤ ሞተሩ ግን ይቈጥረዋል።

ከአየሩ ጋራ የውኃውም ነገር አብሮ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የዛሬው የጀርመን ሞተር ደግሞ ከ90 እስከ 105 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እንዲሠራ የታሰበ ነው። ውኃው ሳይፈላ የሚቆየው በግፊት ታምቆና ፋብሪካው ባዘዘው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተደባልቆ ስለ ሆነ ነው። ከላስቲክ የተሠራው የውኃ ማጠራቀሚያ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ሲሰነጠቅ፥ ወይም ክዳኑ ሲላላ፥ ባለቤቱ ሁለት ሊትር የቧንቧ ውኃ ጨምሮበት መንገዱን ቢቀጥል ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። በጥቂት ሺህ ብር ይቀር የነበረው ጉዳት ሞተር እስከ ማስወረድ ይደርሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። በእነዚህ መኪናዎች የነዳጅ መክፈቻ ክዳን ውስጥ 95 ወይም 98 የሚል ቍጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ቤንዚኑ ያለጊዜው ሳይቃጠል ግፊትን የመታገሥ ኀይሉ መለኪያ ነው። በአውሮፓ ማደያ ገዢው ቍጥሩን አይቶ ይመርጣል፤ በአዲስ አበባ ማደያ ግን ተሰልፎ የተገኘውን አንዱን ዐይነት መቅዳት ነው። ቤንዚኑ ከሚፈለገው ቍጥር ዝቅ ያለ ሲሆን በሞተሩ ውስጥ ማንኳኳት ይጀምራል፤ የመኪናው ኮምፒዩተርም ይህን ሰምቶ የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚህም ራሱን ከጥፋት ያድናል፤ ጉልበቱ ግን እንደገና ይቀንሳል። ከዚህም በቀር ነዳጁን በ200 ባርና ከዚያ በላይ በሆነ ግፊት የሚረጨው ፓምፕ ቅንጣት ቆሻሻና ውኃ ያበላሸዋል። ስለዚህ የነዳጅ ፊልትሮን በጊዜው መለወጥ፥ ከታወቀ ማደያ መቅዳት፥ በጀሪካን የሚሸጠውንም መሸሽ የግድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገዶችን በተጠረበ ድንጋይ የማንጠፉ ሥራ በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እርዳታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ሺህ ወጣት እንጀራ አብልቷል፥ ሰፈሩንም ከጭቃ አውጥቷል። ነገር ግን ያው የጀርመን አገር የሠራው ፈጣን መኪና ሆዱ ለመሬት የቀረበ፥ ጎማውም እንደ ቀበቶ የቀጠነ በመሆኑ በዚህ ድንጋይ ላይ ይጨነቃል። ቸርኬው ይጣመማል፥ ቦኮላው ይበላል፥ በአየር የሚነሣው ተሸካሚም ተቀድዶ አንድ ቀን ጠዋት መኪናው መሬት ተኝቶ ይገኛል። በየመንገዱ የሚሠራው ጉብታም ሌላው ነው። ድንጋዩም ጉብታውም ጥፋት የለባቸውም፤ ለእግረኛውና ለሕፃኑ ደኅንነት የተሠሩ ናቸው። አስቦ መምረጥ የሚገባው ገዢው ነው።

ስለ ፍጥነትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የጀርመን ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በመካከላቸው ተስማምተው የመኪናዎቻቸውን ፍጥነት በሰዓት በ250 ኪሎ ሜትር ይወስኑታል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የመጀመሪያው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በዚያ መንገድ እንኳ የተፈቀደው ከፍተኛው ፍጥነት 120 ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ከገዛው ፍጥነት ግማሹን ያህል እንኳ ሕግ ሳይጥስ ሊጠቀምበት የሚችልበት ስፍራ በኢትዮጵያ የለም። ታዲያ የቀረው ጥቅም ምንድን ነው ቢባል፥ ፍሬኑ፥ መሪውና የአካሉ ጥንካሬ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው የጀርመን መኪና በጎነቱ በመሮጡ ሳይሆን በቶሎ በመቆሙ ነው። ያም በጎነት የሚገኘው የፍሬን ሸራውና ጎማው የተጠበቁ ሲሆኑ ብቻ ነው። በጎማ ጎን ላይ የተጻፉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ዕድሜው የገፋ ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሳያነብ ያገለገለ ጎማ በርካሽ የሚገዛ ሰው የነፍስን ነገር በገበያ ዋጋ እንደ ለካ ይቈጠራል።

አራተኛው ባለሙያ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ሕመም ሲገኝም በቍጥር ይጽፉታል። መመርመሪያ መሣሪያ የገዛ ጋራዥ ቍጥሩን ያነባል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ቍጥሩ ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይናገርም። «አየር በዛ» ብሎ ቢጽፍ የተቀደደ ጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የነዳጅ ፓምፕ ድካምም ሊሆን ይችላል። ንባቡን ሳያደላድል ወደ ትርጓሜ የሚሻገር ተማሪ ምሥጢሩን እንደሚስት ሁሉ፥ ምርመራ ሳይጨርስ ዕቃ የሚለውጥ መካኒክም የባለቤቱን ገንዘብ ያስጨርሳል፤ በሽታው ግን በቦታው ይቆያል። በአንዳንድ ቢ.ኤም.ደብሊው. ላይ ባትሪ እንኳ ሲለወጥ አዲስ መሆኑን ለኮምፒዩተሩ ማስታወቅ ያሻል፤ ያለዚያ እንደ አሮጌው እየሞላ ያለጊዜው ይገድለዋል። ዜድ ኤፍ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ካምቢዮም «የዕድሜ ልክ ዘይት» አለው ተብሎ ሲነገር፥ ዜድ ኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ዘይቱ እንዲለወጥ ይመክራል። ይህን የሚያውቅ ያነበበ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ጋራዥ የመጀመሪያው መፍቻ መጽሐፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አምስተኛው መለዋወጫ ነው። የኮሮላ የፍሬን ሸራ በየሰፈሩ ሲገኝ፥ የጀርመኑ መኪና ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ወይም ከጀርመን በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር። ደመወዙን በብር የሚቀበልና መኪናውን በዶላር የሚያሳድር ሰው የዚያን ጊዜ ሁለተኛው ዋጋ ምን እንደ ሆነ ተረዳ። ጥቂቱ ዕውቀት ግን ብዙ ገንዘብ ያድናል። በመኪናው ላይ የታተመውን 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን መለያ ቍጥር ይዞ የዕቃውን ትክክለኛ ቍጥር ማግኘት ይቻላል። ብዙዎቹንም ዕቃዎች ለመኪና ፋብሪካዎቹ የሚሠሩላቸው ቦሽ፥ ማህለ፥ ዜድ ኤፍና እነርሱን የመሰሉ ስለ ሆኑ፥ ያው ዕቃ በሠሪው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሲሸጥ በመኪናው ምልክት ከሚሸጠው ይረክሳል። ከዚህ በታች ወርዶ አስመስሎ የተሠራውን መግዛት ግን፥ በተለይ ፍሬንና መሪ ላይ፥ ቁጠባ ሳይሆን ጥፋት ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሰው ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ፤ ዛሬ ሌሊት ከአንዱ መኪና የተነቀለው ስፖኪዮ ነገ ለሌላው የሚሸጠው ገዢ ስላለው ነውና።

እነዚህን አምስት ነገሮች ያየ ሰው «እንግዲያስ የጀርመን መኪና ለኢትዮጵያ አይሆንም» ይል ይሆናል። ይህ ግን ትክክል እንዳልሆነ ፎልክስዋገን ምስክር ነው። ያች ትንሽ መኪና አዲስ አበባን እንደ ቤቷ አድርጋ የኖረች ናት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በእርሷ ነበር። ሞተሯ በነፋስ የሚበርድ ስለ ሆነ የሚፈላ ውኃ የላትም። አሠራሯም ቀላል ስለ ነበረ መካኒኩ ሁሉ አወቃት፤ ስላወቃትም ዕቃዋ በየቦታው ተገኘ፤ ዕቃዋ ስለ ተገኘም ኖረች። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ የተሠራችው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ አዲስ አበባ ላይ ግን ከዚያም በኋላ ስትሮጥ ታይታለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መኪናን የሚያኖረው የመጣበት አገር ስም ሳይሆን በሚነዳበት አገር የተዘራው ዕውቀት ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ አድርጓል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በሞተር ትልቅነትና በመኪና ዕድሜ ልክ ቀረጡን ከፍ አድርጎት ነበር። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን ፈጣን መኪናዎች ቍጥራቸው ሊቀንስ እንጂ እንደ ቀድሞው ሊጨምር አይችልም። አንዱ ተሰብሮ ቢቀር ሌላ አይተካውም። ቀድሞ «ይህ ቢበላሽ ሌላ ይመጣል» ይባል የነበረው አነጋገር ከእንግዲህ አይሠራም። ለነዚህ መኪናዎች የወጣው የውጭ ምንዛሬ አንድ ጊዜ ወጥቷል፤ የቀረው ጥያቄ ያ ገንዘብ ብዙ ዓመት ያገለግላል ወይስ በጋራዥ ግቢ ዝጎ ይቀራል የሚለው ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ድርሻ አለው። ገዢው ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንበት፥ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት በመሣሪያ ያስመርምር፤ ዋጋውንም በከፈለበት ቀን ለዓመቱ አያያዝ የሚሆነውን ገንዘብ ከጎኑ ያስቀምጥ። ይህን ለማስቀመጥ የማይችል ከሆነ ያነሰ መኪና ቢገዛ ክብሩ አይቀንስም። ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ፥ የትኛው ዕቃ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ገባ በመዝገብ ይጻፍ፤ የተጻፈለት መኪና ሲሸጥም ዋጋው ከፍ ይላል። የጋራዥ ባለቤትም ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ለደንበኛው ያሳይ፤ ያላወቀውን «አላውቅም» ማለት እምነትን ያተርፍለታል እንጂ አያሳፍረውም።

የመንግሥት ሹማምንትም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በጀርመን አገር ማናቸውም የቤት መኪና፥ አዲሱ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላውም በየሁለት ዓመቱ፥ ፍሬኑ፥ መብራቱ፥ ጎማውና ታችኛው አካሉ ተመርምሮ ካላለፈ በመንገድ ላይ አይወጣም። በኢትዮጵያም ቦሎ ለማደስ በየዓመቱ የሚደረግ የቴክኒክ ምርመራ ሕግ አለ፤ ሕጉ ከጀርመኑ ይልቅ እንኳ ጥብቅ ነው። የሚቀረው ምርመራው በመሣሪያ የሚደረግ፥ የማያልፈውም በእውነት የማያልፍ እንዲሆን መትጋት ነው። ሕግ መልካም ሆኖ ፈጻሚው ከላላ፥ ፍሬኑ የላላ ፈጣን መኪና እንደ ማለት ነው። በአዲስ አበባ በየዓመቱ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በመኪና አደጋ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በእግራቸው የሚሄዱ ድኾች ናቸው። ባለጸጋው በሰዓት ያልለወጠው የፍሬን ሸራ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ባለጸጋውን አይደለም።

በዚህ ረገድ ካህናትም ሊናገሩት የሚችሉት ቃል አለ። አዲስ መኪና የገዛ ምእመን ካህን ጠርቶ ጸበል የሚያስረጭበት ልማድ በከተማው ሁሉ የታወቀ ነው። በዚያን ሰዓት ባለቤቱ ልቡ ለምክር የተከፈተ ነው። «ይህ መኪና የባልንጀራህን ነፍስ የሚነካ ነውና ፍሬኑንና ጎማውን ጠብቅ፥ ጠጥተህም አትንዳ» የሚል አንድ ቃል ከካህን አፍ ቢሰማ፥ ትራፊክ ፖሊስ ከሚያስከፍለው መቀጫ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

በመጨረሻ ሊታሰብ የሚገባው ትልቁ ነገር የነገው ነው። የነዳጁ በር ሲዘጋ የኤሌክትሪኩ በር ተከፍቷል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ስለ ሆነ፥ ከውጭ በሚገዛ ቤንዚን ፈንታ በአገር ኀይል መጓዝ መልካም ሐሳብ መሆኑ አያጠራጥርም። ዛሬ በመካኒሳ መንገድ የሚታዩት አይ.ዲ.4 እና አይ.ዲ.6 የተባሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ምልክታቸው ፎልክስዋገን ነው፤ የተሠሩት ግን በቻይና ነው። አይ.ዲ.6 የተባለው እንዲያውም ለቻይና ገበያ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ስለዚህ ጽሑፉ በቻይንኛ ሆኖ፥ አስመጪው እንጂ ፋብሪካው የማያውቀው ሆኖ ገብቷል። ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ ነው፤ ጎማና የመንገድ ድንጋይ እርሱንም ይፈትኑታል። በባትሪው ውስጥ ያለው እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኀይል ደግሞ ያልተማረን መካኒክ በአንድ ጊዜ ሊገድል ይችላል። ለአሮጌው ሞተር ሲያገለግል የነበረው የጆሮና የእጅ ትምህርት እዚህ ላይ ፈጽሞ አይበቃም።

በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመን ፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ኢትዮጵያን በጎበኙ ጊዜ ፎልክስዋገን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋራ ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። በስምምነቱ ውስጥ መኪና መገጣጠም ብቻ ሳይሆን መለዋወጫ ማምረትና የሥልጠና ማዕከል ማቋቋምም ተጠቅሶ ነበር። መገጣጠሚያው ከወረቀት ወደ መሬት ሳይወርድ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ መካከል ሥልጠናው ፋብሪካ የማይጠብቅ ነው። አዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትን ካቋቋመች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የቴክኒክና የሙያ ኮሌጆችም በየክፍለ ከተማው አሉ። በእነዚህ ውስጥ የመኪና ኮምፒዩተር ንባብና የከፍተኛ ቮልት ጥንቃቄ ትምህርት ቢጠነክር፥ በየጋራዡ ያለው ልምድ ያለው መካኒክም በማታ ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ቢደረግ፥ አስመጪውም ለሚያስገባው መኪና የጥገና መጽሐፍና መለዋወጫ እንዲያቀርብ ቢገደድ፥ በ1900 ዓ.ም. የተጀመረው ዕቃን ከዕውቀት የማስቀደም ልማድ መቶ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ይቀራል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ፈጣን መኪናም ያደርሳል እንጂ ዕውቀትን አይተካም። በመካኒሳ አቦ መንገድ ላይ በክብር የሚያልፈውና በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ዝጎ የቀረው መኪና ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። የለያያቸው የባለቤቱ ማስተዋል፥ የመካኒኩ ትምህርትና የሕጉ መጠበቅ ነው። ሦስቱ የተገናኙለት አገር ከሩቅ ያመጣውን ዕቃ የራሱ ያደርጋል፤ ሦስቱ የጐደሉበት ግን የገዛውን ሁሉ እንደ ተዋሰ ሆኖ ይኖራል።